የእትዬ ማሚቴ ጀርባ

እኛ ሰፈር በሽታ አይመጣም፤ ሰው ያመጣዋል። ይህን በድፍረት የምላችሁ ጉለሌ ተወልጄ፣ ጉለሌ አድጌ፣ ጉለሌ አግብቼ፣ እንደ አያያዜም ጉለሌ የምቀበር ስለሆንኩ ነው። ጉንፋን ቢይዛችሁ «ምን ወሰድክበት?» የሚላችሁ ሰው ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ቀድሞ የሚመጣው «መስኮቱን ማን ከፈተው?» ባዩ ነው። ሆዳችሁን ቢቆርጣችሁ ትናንት የጋበዛችሁ ሰው ስም ይነሳል። ራሳችሁን ቢያማችሁ ፀሐይ ላይ አቁሞ ወሬ ያወራችሁ ጎረቤት ይፈለጋል። እንዲያው በራሱ ጊዜ፣ ማንንም ሳያስቸግር የሚመጣ ሕመም የለም። ሁሉም ጥፋተኛ አለው፤ ጥፋተኛውም አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ ነው። ባዳማ ምን በወጣው!

እኔ በዚያን ዘመን በአንድ ኮርፖሬሽን መዝገብ ቤት ነበር የምሠራው። ዘመኑ ደርግ ነው፤ ወደ መጨረሻው ግድም። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው አንድ ነገር ይማራል፤ ፋይል መክፈት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ መዝጋት ግን ኮሚቴ ይፈልጋል። ሰውዬው ጡረታ ወጥቶ፣ ጡረታውን በልቶ፣ ሞቶ ከተቀበረም በኋላ ስለሰበረው ወንበር ደብዳቤ የሚጻጻፉ መሥሪያ ቤቶች አይቻለሁ። ስለዚህ ባለቤቴን ሳገባ በእግሯ ላይ የተከፈተ ፋይል መኖሩን ስሰማ እምብዛም አልደነገጥኩም።

ባለቤቴ ጥሩወርቅ በግራ እግሯ ታነክሳለች። ብዙ አይደለም። ሜዳ ላይ ልብ ያላለ ሰው አያውቅባትም፤ የእኛ ሰፈር ግን ሜዳ የለውም። ዳገቱን ስትወጣ አንዱ እርምጃ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል። በልጅነቷ የሰፈር ልጆች ከኋላዋ ተሰልፈው እንደ እሷ እየሄዱ ይስቁባት እንደነበር የነገረችኝ ከተጋባን በሦስተኛው ዓመት ነው። እሱንም እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ሳቋን ግን አላመንኩትም።

የፋይሉ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። ጥሩወርቅ ገና ዓመት ያልሞላት ሕፃን ሳለች፣ የእናቷ ታናሽ እህት ማሚቴ፣ ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ በአንቀልባ አዝላት ቀጨኔ ቁልቁለት ላይ ወደ ውሃ ትወርዳለች። ሄዳ ተመለሰች፤ ሕፃኗም ጀርባዋ ላይ ተኝታለች። ማንም ምንም አላየም። ከወራት በኋላ ልጅቷ ተነስታ መሄድ ስትጀምር አነከሰች። እናቲቱ፣ ማለትም የዛሬዋ አማቴ ወይዘሮ አስካለ፣ ቤቱን ዞር ዞር ብለው ቢያዩ አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አገኙ። «ጥለሻታል» አሏት። «አልጣልኳትም» አለች። ነገሩ ሲካረር መድኃኔዓለም ደጅ ድረስ ይዘዋት ሄዱ፤ እዚያም ማለች። አማቴ መሐላውን ሰምተው ሲያበቁ፣ መሐላሽ የልጄን እግር ካቀናው ያን ጊዜ አምንሻለሁ አሉ። እግሩ አልቀናም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህትማማቾቹ ሳይነጋገሩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነበር።

ሳይነጋገሩ ስላችሁ ሳይገናኙ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። በሁለቱ ቤት መካከል ያለው መንገድ የሩብ ሰዓት ነው። አንድ ዕድር ናቸው። የእትዬ ማሚቴ ባል የሞተ ጊዜ አማቴ ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳኑ ጓዳ ውስጥ ወጥ ሲያማስሉ፣ ሳህን ሲያጥቡ ከረሙ፤ በየሌሊቱ አብረው አለቀሱ፤ ሐዘንተኛይቱን ግን አንዲት ቃል ሳይተነፍሱላት ወደ ቤታቸው ሄዱ። ወግ ያለው ጠብ ማለት ይህ ነው። ያሁኑ ዘመን ሰው መጣላት እንኳ አያውቅበትም።

ጠቡ ሕግም ወልዶ ነበር። እኔና ጥሩወርቅ አብረናቸው በምንኖርበት በአማቴ ቤት ልጅ አይታዘልም። ልጅ በእቅፍ ነው፤ ክንድ ሲዝል ደግሞ አልጋ ላይ ነው። አንቀልባ የሚባል ነገር ከዚያ ቤት ደጃፍ አያልፍም። እኔ ይህን ሕግ የሰማሁት ገና በሽምግልናው ሰሞን ሲሆን፣ ያኔ ልጅም አንቀልባም ስላልነበረኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩት።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና ወደ ልጄ ልምጣ። ጥሩወርቅ ቤቴልሔምን የወለደችው በአንድ ሆስፒታል ነው፤ ስሙን ተዉት። እዚያ ከአንድ ወዳጅ የሶሻሊስት አገር የመጡ ረጅም፣ ዝምተኛ ሐኪም ነበሩ። የእኚህ ሰው አመል የተወለደውን ሕፃን ሁሉ በጀርባው አስተኝቶ ጭኖቹን እንደ መጽሐፍ መግለጥና መክደን ነው። ሌሎቹ ሐኪሞች እንደሚሉት በአገራቸው ይህ ሳይደረግለት የሚያልፍ ሕፃን የለም። ሁለት ቀን የሞላትን ልጄን ገለጡ፣ ከደኑ፤ እንደገና ገለጡ። ግራ ዳሌዋ ላይ ሲደርሱ ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ። ከዚያ አጠገባቸው ላለችው ሲስተር የሆነ ነገር አሏት፤ እሷም ተረጎመችልን። የዳሌው አንጓ «ቋ» ብሏል፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሳ በመሣሪያ ትታይ፤ እስከዚያ እግሯ እንዳይታሰር፣ እንዳሻት ትወራጭ።

አማቴ ይህንን ትእዛዝ በጥሞና አዳመጡ። ቤት እንደገባንም ሕፃኗን ከወገቧ እስከ እግር ጣቷ ቀጥ አድርገው ጠቅልለው አሰሯት። «ቋ ያለው ስለላላ ነው» አሉ። ጥሩወርቅ ልትከራከር ሞከረች፤ እሷንም ራሷን እንዲህ ቀጥ አድርጌ ጠቅልዬ ነው ያሳደግኳት የሚል መልስ አገኘች። መልሱ ለየትኛው ወገን እንደሚመሰክር ሁላችንም ገብቶናል፤ የተናገረ ግን የለም። እኔስ? እኔ አማቴ ፊት ያለኝ አቋም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ዝምታ። ይህንን ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል።

እነዚያን ስድስት ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው ልንገራችሁ? ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ሚስቴን በር ላይ አያትና እግሯን ነበር የማየው። ከዚያ በፊት እግሯን አላየውም ነበር፤ እሷን ነበር የማያት። ማታ ደግሞ ጥቅልሏን ልጅ አያለሁ። ከኋላዋ ተሰልፈው የሚስቁት ልጆች ገና አልተወለዱም፤ ግን እኔ ከወዲሁ ጠልቻቸዋለሁ። ጥሩወርቅ በነገሩ ላይ የተናገረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «እንደኔ እንዳትሆን ብቻ» አለች። 

የቀጠሮው ቀን አራት ሆነን ሄድን፤ እናት፣ ልጅ፣ አያትና እኔ። መሣሪያው የተቀመጠው ለብቻው በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ነው። ከላዩ ላይ ዳንቴል ለብሷል። እኛ አገር ውድ ነገር ሁሉ ዳንቴል ይለብሳል፤ ሬዲዮም፣ ቴሌቪዥንም፣ አልትራሳውንድም። ሲስተሯ ዳንቴሉን በጥንቃቄ አጥፋ አስቀመጠችና መሣሪያው በድምፅ እንደሚያይ አስረዳችን። ብዙ ጊዜ የእርጉዝ ሴት ሆድ ይታይበታል፤ እኚህ ሐኪም ግን ለሕፃን ዳሌም ይጠቀሙበታል፤ ምክንያቱም የሕፃን አጥንት ገና ለጋ ስለሆነ በራጅ አይታይም አለች። አማቴ ድምፁ ለምን እንደማይሰማቸው ጠየቁ። የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ነው ተባሉ። ማንም የማይሰማውን ድምፅ ምስክር አድርጎ መቁጠር ለእሳቸው አዲስ ሕግ ነበር፤ ግን እንግዳ ሐኪም ፊት ስለሆኑ አለፉት። ያላለፉት ቅባቱን ነው። ሐኪሙ ከአንድ ቱቦ ቀዝቃዛ ቅባት ጨምቀው የልጅቷን ዳሌ ሲቀቡ፣ ክርስትና ያልተነሳች ልጅ በምን ተቀባች ብለው ሲስተሯን በሹክሹክታ ያዟት። ውሃ ነው፤ ትንሽ ወፈር ያለ ውሃ አለቻቸው። ብልህ ሴት ነበረች።

የመሣሪያው መስታወት ላይ ግራጫ ጭጋግ መጣ። ሰኔ ላይ እንጦጦን ከሩቅ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ሐኪሙ ጭጋጉ ውስጥ በጣታቸው መስመር እየሳሉ ብዙ ተናገሩ። ሲስተሯ ትንሽ አሰበችና በአጭሩ ተረጎመችው። የዳሌ አንጓ ማለት ሙቀጫና ዘነዘና ነው፤ የዚህች ልጅ የግራው ሙቀጫ ጠለቅ አላለም፤ ስለዚህ ዘነዘናው እየተንሸራተተ ይወጣል። አሁን ከተያዘ ሙቀጫው ከልጅቷ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ካልተያዘ ታነክሳለች። እግሯን ቀጥ አድርጎ ማሰር ደግሞ ዘነዘናውን ጎትቶ እንደማውጣት ነው።

አማቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ሐኪሙ ግን ልጅቷን ትተው እናቷን ያዩ ጀመር። ስትገባ አረማመዷን አይተዋል። በሲስተሯ በኩል ጠየቁ፤ አስተኝተውም ጭኗን አገላበጡ፤ ከዚያ ራጅ ክፍል ላኳት። ራጁ ደርቆ ሲመጣ መብራት ላይ አንጠልጥለው በእስክሪብቶ ጫፍ እያሳዩ ተናገሩ። ይህ ከመውደቅ የመጣ አይደለም፤ የመሰበር ምልክት የለበትም፤ አብሯት የተወለደ ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ፣ በተለይ ወደ ሴት ልጅ ይሄዳል። ያኔ እንዲህ ያለ መሣሪያ ስላልነበረ ማንም አላየውም።

አማቴ ሲስተሯን፣ እንደገና ጠይቂልኝ አሏት። ጠየቀችላቸው። መልሱ ያው ሆነ። ለሦስተኛ ጊዜ እንድትጠይቅላቸው አፋቸውን ከፍተው ተዉት። እኔ ሴትዮዋን ስምንት ዓመት አውቃቸዋለሁ፤ ወንበር ፈልገው ሲቀመጡ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ወደ ሕክምናው መጣን። ለዚህ ነገር የሚሆን የጭን ማሰሪያ አለ፤ ያለው ግን ውጭ አገር ነው። ከሆስፒታሉ ደብዳቤ፣ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከሚኒስቴሩ ፈቃድ ተሟልቶ ከታዘዘ ከስምንት ወር በኋላ ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ ደግሞ ማሰሪያ ሳይሆን ጀሶ ነው የሚያስፈልጋት አሉ ሐኪሙ። እኔ የድጋፍ ደብዳቤውን አጻጻፍ በልቤ ጀምሬ ነበር። ሐኪሙ ግን ወደ መስኮቱ ሄደው ቆሙ። ሆስፒታሉ በር ላይ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ሰልፍ ይዛ ቆማለች። የሕፃኑ ሁለት እግሮች በወገቧ ግራና ቀኝ ተከፍተው ይታያሉ። ሐኪሙ በጣታቸው አሳዩን።

«እሱን ነው የሚሉት» አለች ሲስተሯ። «ማዘል። ቀን ቀኑን ከጀርባ አትውረድ፤ ማታ በጭኖቿ መሃል የታጠፈ ጨርቅ ይደረግላት። ሦስት ወር። ይበቃል ብለው ቃል አይገቡም፤ ካለው ሁሉ የሚሻለው ግን እሱ ነው።»

እንግዲህ ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች የሚባለው ይህ ነው። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው ማዘል አስተማረን። ያውም ማዘል የተከለከለበትን ቤት።

ቤት ገብተን ጀርባ መቁጠር ጀመርን። የጥሩወርቅ ጀርባ አይሆንም፤ ክብደት ተሸክማ ዳገት እንዳትወጣ ሐኪሙ ከልክለዋታል፤ የወሊድ ፈቃዷም ሊያልቅ ነው፤ የምትሠራበት ፋብሪካ ይጠብቃታል። የአማቴን ጀርባ ሪህ ይዞታል። የእኔ ጀርባ ደህና ነው። ሁለት ቀን ፈቃድ ወስጄ መጋረጃ ዘግቼ አዘልኳት። የወንድ ጀርባ ለዚህ አልተሠራም አልልም፤ የእኔ ግን አልተሠራም። ልጅቷ ወደ ታች እየተንሸራተተች ወገቤ ላይ ትደርሳለች፤ እኔ ወደ ፊት እየጎበጥኩ መሬት ልስም እደርሳለሁ። በሁለተኛው ቀን የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ተጠሪ ለስብሰባ ልትጠራን መጥታ አየችኝ፤ በሚቀጥለው እሑድ የወንዶችን ኋላ ቀር አመለካከት ስላሸነፈ አንድ ጓድ በስብሰባው ላይ ተነገረ። ስሜ አለመጠራቱ መልካም ነው፤ ሁሉም ዞሮ ስላየኝ አላስፈለገም።

ሠራተኛ እንቅጠር ብል አማቴ፣ የማላውቃትን ከማመን የማውቃትን መጠርጠር ይሻለኛል አሉ። ይህን ሲሉ ማንን እንደሚያስቡ ገባኝ። ቀኑን ሙሉ የሚቆም፣ ገና ያልጎበጠ፣ የዘመድ የሆነ አንድ ጀርባ ብቻ ነው ያለን። እሱም ቀጨኔ ነው።

እሑድ ከሰዓት ሄድን። አማቴ ከገበያ የገዙትን አዲስ አንቀልባ በነጠላ ጠቅልለው ይዘዋል። መንገዱን ሁሉ በሐሰት የከሰሷትን ልጅ፣ የአሥራ አራት ዓመቷን፣ እያሰቡ እንደነበር አውቃለሁ፤ ምክንያቱም ሌሊቱን ሲያለቅሱ ግድግዳው አሳልፎ ሰጥቷቸዋል።

እትዬ ማሚቴ ጧፍ እየሠሩ መድኃኔዓለም በር ላይ የሚሸጡ፣ ቀጥ ያሉ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። እኛን በሩ ላይ ሲያዩ የያዙትን ክር አስቀመጡ። አማቴ ምንም መግቢያ አላበጁም። መሣሪያው አልጣለቻትም ብሏል፤ አብሯት የተወለደ ነው ተብሏል፤ ሠላሳ ዓመት በድዬሻለሁ ብለው ጎንበስ አሉ፤ እግር ሊስሙ ነው። ታናሽዬዋ ደንግጠው ክንዳቸውን ያዟቸውና ቀና አደረጓቸው። ጥሩወርቅ ታለቅሳለች። እኔም ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ጧፍ እቆጥራለሁ። ፋይሉ ሊዘጋ ነው፤ ያለ ኮሚቴ።

አማቴ አንቀልባውን ከነጠላው አውጥተው፣ ልጅቷን እንዲያዝሉላቸው ለመኑ። እትዬ ማሚቴ አንቀልባውን አልነኩትም። ወደ እኔ ዞረው፣ ሐኪሙ ያሉትን ድገምልኝ አሉኝ። ደገምኩላቸው።

«ከመውደቅ አይደለም?»

አይደለም አልኳቸው። ብትወድቅም ባትወድቅም ያው ነበር አልኳቸው።

እትዬ ማሚቴ መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። ታላቅ እህታቸውን ቀና ብለው አዩ።

«ጥያታለሁ» አሉ።

 አንዴ ጀምረዋልና ቀጠሉ። ዝናብ ዘንቦ ነበር፤ ቁልቁለቱ ላይ እግራቸው ከዳቸው፤ ወደ ኋላ ሲወድቁ ልጅቷ ከሥራቸው ሆነች። ጥቂት አልቅሳ ተኛች። ደም የለም፣ እብጠት የለም። ምንም ስላልሆነች ዝም አልኩ፤ ያነከሰች ጊዜ ግን እኔ እንደሆንኩ አወቅሁ፤ ፈርቼ ማልኩ አሉ። በሐሰት ከማሉ ወዲህ የመድኃኔዓለምን በር ተሳልመው ይመለሳሉ እንጂ አልፈው ገብተው አያውቁም። ለሚገቡት ጧፍ ይሸጣሉ። እኛ ለትሕትና ነው እንል ነበር፤ አንዳንዱም ለገበያው ነው ይል ነበር። የገዛ ሁለት ልጆቻቸውን እንኳ ጎረቤት እያዘለላቸው ነው ያሳደጓቸው።

«የሰው ልጅ ጀርባዬ ላይ አታስቀምጪ፣ እትዬ» አሉ። «እኔ እጥላለሁ።»

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ሴትዮዋ ያልሠሩት ጥፋት የለም፤ ተጠያቂ የሆኑበትን ግን አልሠሩትም። ጥለዋታል፤ አላሰናከሏትም። ዋሽተዋል፤ ውሸታቸው ግን እውነት ሆኖ ተገኘ፤ እግሩን በተመለከተ ንጹሕ ናቸው። በመዝገብ ቤት ሕይወቴ እንዲህ ያለ ጉዳይ የት መደርደሪያ ላይ እንደሚቀመጥ አላውቅም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይህኛው ግን እየጠራ ሲሄድ የባሰ አምታታን።

አማቴ ቆመዋል። ፊታቸው ላይ የነበረው ይቅርታ ወዴት እንደሄደ አላየሁም። አሁን ሊጮኹ ነው ብዬ ልጄን ወደ ደረቴ ጠጋ አደረግኳት።

«ዋሽተሽኛል» አሉ።

«አዎ።»

«መድኃኔዓለም ደጅ።»

«አዎ።»

አማቴ ልጅቷን ከእቅፌ ወሰዱ። አንቀልባውን አነሱ።

«ጥዬ አላውቅም ብትይኝማ ልጅቷን አምኜ አልሰጥሽም ነበር» አሉ። «የጣለ ሰው መጠንቀቅ ያውቃል። ዙሪ።»

እትዬ ማሚቴ አልዞሩም። አማቴ ትከሻቸውን ይዘው ራሳቸው አዞሯቸው። ልጅቷን ጀርባቸው ላይ አስቀመጡ፤ እግሮቿን ከፍተው አስተካከሉ፤ ማሰሪያውን አሳልፈው ጎተቱ፣ ቋጠሩ፣ እንደገና ጎትተው ሁለተኛ ቋጠሩበት። እትዬ ማሚቴ መተንፈስ ያቃታቸው ከማሰሪያው ይሁን ከሌላ ነገር አላወቅሁም። እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ኋላ ሰድደው የልጅቷን ቂጥ ደገፉ። ቤቴልሔም ተኛች።

ከዚያ በኋላ አንድ የሥልጣን ግጭት ተፈጠረ። እትዬ ማሚቴ በሳምንቱ ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው ተናዘዙ። ካህኑ በሐሰት መማል ቀላል እንዳልሆነ ነግረው ብዙ ስግደት አዘዟቸው። ስግደት ደግሞ ልጅ አዝሎ አይሰገድም፤ ሐኪሙ ቀን ቀኑን ከጀርባ አትውረድ ብለዋል። እትዬ ማሚቴ በሁለቱ ትእዛዝ መካከል ሦስት ቀን ተጨንቀው ወደ ንስሐ አባታቸው ተመለሱ። ካህኑም እስኪ ዙሪ ብለው ሕፃኗን አዩ፤ ማዘሉ ይቆጠርልሽ፤ የቀረውን ስታወርጃት ትሰግጂዋለሽ አሏቸው። አማቴም ቀድመው ወስነው ኖሮ፣ በሰማንያ ቀኗ የክርስትና እናቷ እሷ ናት አሉ። የዚያን ዕለት ንጋት ላይ እትዬ ማሚቴ ልጅቷን አዝለው የመድኃኔዓለምን በር ሊያልፉ ሲሉ፣ በር ላይ ብቻ የሚያውቃቸው ዲያቆን ጧፍ የሚሸጠው ውጭ ነው ብሎ አቆማቸው። እሳቸውም ልማድ ሆኖባቸው ሊመለሱ ነበር። አማቴ ናቸው ከኋላ ገፋ ያደረጓቸው።

ሦስቱን ወር ቀጨኔና ጉለሌ ያየውን ልንገራችሁ። እትዬ ማሚቴ ከፊት፣ ልጅ አዝለው፣ አንድ እጃቸው ግድግዳ እየዳሰሰ፣ መሬቱን በእግራቸው ጫፍ እየፈተኑ ይሄዳሉ። ሁለት እርምጃ ከኋላ አማቴ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ ብትወድቅ ሊቀልቡ ይከተላሉ። በሪህ ወገብ። ኅብረት ሱቅ ሰልፍ ላይም እንደዚያው ናቸው። ሰው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ለመደ፤ በኋላ መንገድ ይለቅላቸው ጀመር። እንዲህ ተያይዞ የሚሄድ ሰው ዝም ብሎ አይሄድምና ቀኑን ሙሉ ያወራሉ። የሠላሳ ዓመት ወሬ ተከማችቷል። ማን አገባ፣ ማን ሞተ፣ ማን በማን ላይ ምን አለ፤ ሁለቱም እየተገኙበት ያልተነጋገሩበትን ሁሉ እንደ አዲስ ሰሙት።

የምርመራው ቀጠሮ ሲደርስ የሐኪሙ ኮንትራት አልቆ አገራቸው ገብተው ነበር። መሣሪያውም መለዋወጫ ይጠብቃል፤ ዳንቴሉን ለብሶ። ያቺ ሲስተር እንደ ሐኪሙ አድርጋ የልጅቷን ጭን ገለጠች፣ ከደነች፣ ጆሮዋን ዘንበል አደረገች። «ቋ የሚል አልሰማሁም» አለች። «እኔ ግን እሳቸው አይደለሁም። ስትሄድ ታዩታላችሁ።» ስለዚህ ጠበቅን። ልጃችሁ መቼ እንደሚሄድ መጠበቅ ደስታ ነው ይባላል፤ እኛ ቤት የፈተና ውጤት መጠበቅ ነበር። ቆማ ግድግዳ ስትይዝ ሁላችንም ንግግር እናቋርጣለን።

የሄደችው ዓመት ከሦስት ወሯ ላይ፣ ቅዳሜ፣ እኛው ቤት ነው። እትዬ ማሚቴ በሁለት እጃቸው ብብቷን ይዘው አቁመዋታል። አማቴ በማዶ ተቀምጠዋል። ልጅቷ ወደ አያቷ ልትሄድ ተንጠራራች፤ እትዬ ማሚቴ እጃቸውን ለቀቁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ፊቷን ያየ የለም፤ ሁላችንም ያየነው እግሯን ነው። እኔ ማየት አቃተኝ። ሕፃን ሲጀምር ሁሉም ይንገዳገዳል፤ የቱ መንገዳገድ፣ የቱ ማንከስ እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ? ዞሬ ጥሩወርቅን አየኋት። ዓይኗን ጨፍናለች። ጣውላው ላይ የሚያርፈውን እግር እያዳመጠች ነው፤ ይህንን ድምፅ ከእሷ የበለጠ የሚያውቀው የለም። አራት፣ አምስት፣ ስድስት።

«እኩል ነው» አለች ጥሩወርቅ። «ግራና ቀኙ እኩል ነው።» ከዚያ አለቀሰች፤ ስታለቅስ ደግሞ እየሳቀች ነው፤ ያን ሳቅ አምኜዋለሁ።

ቤቴልሔም ሰባተኛውን ስታነሳ በቂጧ ዷ ብላ ተቀመጠች።

 እትዬ ማሚቴ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው፣ ባሉበት ደርቀው፣ ታላቅ እህታቸውን ያያሉ።

«እኔ አልጣልኳትም፤ ራሷ ናት የወደቀችው» አሉ።

«አይቻለሁ» አሉ አማቴ።